የሳይንስ ሰዎች ሕይወት፦ አኒሱር ራህማን

በካምፕም ሆነ በኪሊማኒ ሻይ ስትጠጡ ስኳሩ የት እንደሚገባ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ስኳርና ጨው በውኃ ይሟሟሉ፤ ዘይት ግን ከላይ ይንሳፈፋል። ምክንያቱን ዓይን አያየውም፤ የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕም አያሳየንም። የዛሬው ባለ ታሪካችን ግን በሒሳብ ተከታተለው።

አኒሱር ራህማን በ1927 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሕንድ አገር በሃይደራባድ ከተማ ተወለደ። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ፣ ቀጥሎም በቤልጅየም በሉቫን ዩኒቨርሲቲ ተምሮ የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። ወደ አገሩ ተመልሶ ከሠራ በኋላ፣ በ1960 አሜሪካ ውስጥ በቺካጎ አቅራቢያ በሚገኝ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ሥራ ጀመረ።

ዘዴው እንዲህ ነበር። በመጀመሪያ ለእያንዳንዱ አቶም ቦታና ፍጥነት ይሰጠዋል። ኮምፒዩተሩ አቶሞቹ እርስ በርስ የሚሳሳቡበትንና የሚገፋፉበትን ኃይል አስልቶ እያንዳንዱን በጥቂቱ ያንቀሳቅሳል፤ ከዚያም እንደገና ያሰላል። በ1964 በዚህ መንገድ በፈሳሽ አርጎን ውስጥ የ864 አቶሞችን እንቅስቃሴ አጠና። በ1971 ደግሞ ከፍራንክ ስቲሊንገር ጋር 216 የውኃ ሞለኪውሎችን አጥንተው ውጤቱን አሳተሙ።

ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? የውኃ ሞለኪውል በኦክስጅን በኩል ጥቂት አሉታዊ፣ በሃይድሮጅን በኩል ጥቂት አዎንታዊ ሙል አለው። ስለዚህ ጨውን ከብቦ ይነጣጥለዋል፤ ዘይት ግን እንዲህ ያለ የሚያዝበት ሙል ስለሌለው ይተወዋል። የምንውጠው መድኃኒትም ሰውነታችን ውስጥ የሚሠራው በውኃ ተከብቦ ነው፤ የሞለኪውሉ ቅርጽና ጠባይ በአሟሚው ሊለወጥ ይችላል። ዛሬ ተመራማሪዎች መድኃኒትን ከነውኃው በኮምፒዩተር አስመስለው የሚያጠኑት ራህማን በጠረገው መንገድ ነው።

ራህማን በ1987 አረፈ። ከ1993 ጀምሮ በስሙ የተሰየመ ሽልማት ይሰጣል። በኮምፒዩተር ሞለኪውሎችን በማጥናት በ2013 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ካገኙት ሦስት ሰዎች አንዱ የሆነው ማርቲን ካርፕለስም በ1938 በልጅነቱ ከኦስትሪያ የተሰደደ ነበር።

ልጆች፣ ራህማን አቶሞቹን ያንቀሳቀሰበት የኒውተን ሕግ በእናንተም የፊዚክስ ደብተር ውስጥ አለ። ቤተ ሙከራ ባይኖራችሁም ሒሳቡ በእጃችሁ ነው፤ አትናቁት። ወላጆችም፣ ልጃችሁ ምን ይረባኛል ብሎ ደብተሩን ሲያስቀምጥ ዝም አትበሉት፤ ስለ ጨውና ስለ ውኃው ጠይቁት።