አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ እና የአማርኛ መረጃ ማስገቢያ ቅጽ

መግቢያ

ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በመንግሥት መዝገብ እንዲሰፍር አዋጅ ቁጥር 760/2004 ከደነገገ ወዲህ፣ የስም አጻጻፍ የሊቃውንት ክርክር ብቻ መሆኑ ቀርቷል። በጥንቱ የአንኮበር ቤተ መንግሥት ኮረብታ አቅራቢያ የምትገኘውን ጎረቤላን በመሰለ የወረዳ ከተማ፣ አንድ አባት የልጁን ስም ኃይሉ ብሎ አስመዘገበ እንበል። ከዓመታት በኋላ ልጁ የልደት ማስረጃ ሲጠይቅ፣ ሌላ ሠራተኛ ሀይሉ ብሎ ይፈልጋል። ለጆሮ አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት ነው። መዝገቡ አልተገኘም ይባላል፤ አዲስ ይከፈታል፤ አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ይቀራል።

ይህ ጽሑፍ ከኮምፒዩተር ዘመን በፊት ከዚሁ ችግር ጋር ሲታገሉ የኖሩትን የሸዋ ሊቅ፣ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን ሕይወት ይቃኛል። ከሥራቸውም ለአማርኛ የመረጃ ማስገቢያና ማረሚያ ቅጽ ዝግጅት የሚጠቅሙ ነጥቦችን ያወጣል።

የሕይወት ጉዞ

አለቃ ኪዳነ ወልድ በሸዋ ተወልደው የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ከተከታተሉ በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም ተጓዙ። በዚያም ብዙ ዓመታት ኖሩ። የሕይወታቸውን አቅጣጫ የወሰነው ከመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጋር መገናኘታቸው ነበር። መምህሩ በሮም ከጣልያናዊው ሊቅ ከኢኛሲዮ ጉዊዲ ጋር የሠሩ ሲሆን፣ ጉዊዲ በ1901 እ.ኤ.አ. ላሳተመው የአማርኛና የጣልያንኛ መዝገበ ቃላት እውቀታቸውን አበርክተዋል። ከዚህም ሌላ የራሳቸውን የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ጀምረው ነበር። ይህን ጅምር ለደቀ መዝሙራቸው አደራ ሰጡ።

አለቃ ኪዳነ ወልድ የተቀበሉትን እንዳለ አላስቀመጡትም። በኢየሩሳሌም ቆይታቸው ዕብራይስጥን የመሳሰሉ የግእዝ ዘመድ ቋንቋዎችን አጥንተው፣ እያንዳንዱን ቃል ከዘመዶቹ እያመሳከሩ አረሙት፤ አሰፉትም። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በድሬ ዳዋ፣ በቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት ዙሪያ ሠሩ። የትንቢተ ሕዝቅኤል አንድምታ ትርጓሜ በ1916 ዓ.ም. በዚያ የታተመው በእሳቸው አዘጋጅነት ነው።

መዝገበ ቃላቱን ግን ታትሞ አላዩትም። በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ ሥራው በእጅ ጽሑፍ ላይ ነበር። እሳቸው ከመምህራቸው እንደተቀበሉት ሁሉ፣ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድም ከእሳቸው ተቀበሉት። መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ የተሰኘው ይህ ግዙፍ ሥራ በ1948 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለኅትመት በቃ። አለቃ ደስታም በ1962 ዓ.ም. ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት የተባለውን የራሳቸውን ሥራ አሳተሙ።

ፊደልና መለያ

አለቃ ኪዳነ ወልድ አጥብቀው ከያዟቸው ጉዳዮች አንዱ በአማርኛ አንድ ድምፅ የሆኑ ፊደላት በግእዝ የየራሳቸው ቦታ እንዳላቸው ማሳየት ነው። ሠረቀ ማለት ወጣ፣ በራ ሲሆን ሰረቀ ግን የሌባ ግብር ነው። መሀረ አስተማረ ሲሆን መሐረ ይቅር አለ ነው። ሰአለ ለመነ ሲሆን ሠዐለ ሥዕል ሣለ ነው። ፊደሉን ማደባለቅ ለእሳቸው ምሥጢርን ማደባለቅ ነበር።

የዛሬው የሶፍትዌር አዘጋጅ የሚፈተነው በተቃራኒው ነው። ፀሐይ የሚለውን ስም ብንወስድ፣ የመጀመሪያው ፊደል በሁለት፣ ሁለተኛው በሦስት መንገድ ሊጻፍ ስለሚችል 6 አጻጻፍ ይገኛል። ሃ፣ ሓ እና ኃ ሲጨመሩ 12 ይደርሳል። አዘጋጁ ከዚህ ጣጣ ለመገላገል ሠራተኛው የጻፈውን ሁሉ ወደ አንድ ፊደል ለውጦ ማስቀመጥ ይቃጣዋል። ፍለጋው በዚህ ይቀላል፤ ነገር ግን ባለቤቱ የሰጠው አጻጻፍ ጠፍቶ ይቀራል፤ ከሌሎች ሰነዶቹም ጋር አይገጥምም።

መዝገበ ቃላቱ የመውጫ መንገዱን ያመለክታል። በውስጡ ቃሉ የሚፈለግበት መለያ እና ቃሉ የሚጻፍበት መልክ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መጽሐፍ የሚለው ቃል የሚፈለገው በሥሩ፣ ጸሐፈ በሚለው ግስ ነው፤ መልኩ ግን ሳይነካ ተጽፎ ይገኛል። በመረጃ ማስገቢያ ቅጽም ስሙ እንደተሰጠ መቀመጥ፣ ሞክሼ ፊደላትን አንድ ያደረገ የፍለጋ መልክ ደግሞ ከበስተጀርባ ለብቻው መያዝ ይገባዋል። ሠራተኛው አዲስ መዝገብ ከመክፈቱ በፊት ቅጹ ተመሳሳይ ስሞችን ከአባትና ከአያት ስም እንዲሁም ከልደት ቀን ጋር ዘርዝሮ ቢያሳየው፣ አንዱን ሰው ሁለት የማድረግ አደጋ ይቀንሳል። ውሳኔው ግን የሠራተኛው ነው፤ ስማቸው የተመሳሰለ ሁለት ሰዎችን አንድ ማድረግም የዚያኑ ያህል ጉዳት አለውና።

የተጠቃሚው ልማድ

የአለቃ ሥራ የሚያስተምረው በተሳካለት በኩል ብቻ አይደለም። መዝገበ ቃላቱ የተደረደረው በአበገደ ሥርዓት ነው። አለቃ ይህን የመረጡት ከዘመድ ቋንቋዎቹ ተራ ጋር የሚስማማ በመሆኑ በበቂ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ፊደል በሀለሐመ የቆጠረ አንባቢ በሚጠብቀው ቦታ ቃሉን አያገኝም፤ የቃሉን ሥር ካላወቀ ደግሞ ፍለጋው ይበልጥ ይከብደዋል። አደራደሩ በሊቃውንት ዘንድ ቢከበርም ሕዝቡን ከልማዱ አላነቃነቀውም።

ዩኒኮድም የራሱ እንከን አለው። በ1999 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ፊደል ሲያካትት የሀለሐመን ተራ ተከትሏል፤ በመሆኑም በኮድ ቁጥር ብቻ የሚደረደር የስም ዝርዝር ሀ፣ ሐ እና ኀ የሚነሡ ስሞችን በሦስት የተራራቁ ቦታዎች ይበትናቸዋል። ስለዚህ የዝርዝሩ ተራ ለማሽኑ ከሚመቸው ይልቅ ሠራተኛው ስሙን ከሚጠብቅበት ቦታ አንጻር መወሰን አለበት።

እርማትና አደራ

ሦስተኛው ነጥብ እርማትን ይመለከታል። መዝገበ ቃላቱ በሦስት ትውልድ እጅ አልፏል፤ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፣ አለቃ ኪዳነ ወልድ አስፋፉት፣ አለቃ ደስታ ፈጸሙት። ኋለኛው የፊተኛውን ሥራ ሲያርም ስሙን አልፋቀም፤ የማን ድርሻ የት እንደሆነ ለአንባቢ ቀርቷል። በብዙ የመሥሪያ ቤት ቅጾች ግን አንድ ስም ሲታረም የቀድሞው ይደመሰሳል፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳረመው አይታወቅም። እርማቱ ራሱ ስሕተት ሆኖ ሲገኝ መመለሻ የለም፤ የሚንከራተተውም ባለጉዳዩ ነው።

ማጠቃለያ

ከአለቃ ኪዳነ ወልድ ሕይወት ሦስት መመሪያዎች ይወጣሉ። የተሰጠውን አጻጻፍ ጠብቆ መፈለጊያውን ለብቻ ማበጀት፣ የዝርዝሩን ተራ በተጠቃሚው ልማድ መወሰን፣ እርማትን ያለፈውን ሳይደመስሱ ከአራሚው ስም ጋር መመዝገብ። ሦስቱም ውድ መሣሪያ አይጠይቁም፤ ቅጹ ከመሠራቱ በፊት ስለ ፊደሉና ስለ ባለ ስሙ ማሰብን ይጠይቃሉ። በጎረቤላም ሆነ በሌላ ወረዳ የልደት ማስረጃውን ሊወስድ የመጣ ወጣት በአንዲት ፊደል ምክንያት እንዳይመለስ የሚያደርገው ይህ ጥንቃቄ ነው።