የጄኔራል አማን እምቢታ

ወታደር ሆኖ ሳለ ኅሊናው የማይቀበለውን ትእዛዝ አልፈጽምም የሚል ሰው በማናቸውም አገር ሠራዊት ውስጥ ጥቂት ነው። ከእነዚህም የሚበዙት የጦር መሣሪያ ማንሣትን ከመሠረቱ የሚቃወሙ ናቸው። ሌፍተናንት ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም ግን ከዚህ ወገን አልነበሩም። ዕድሜያቸውን በውትድርና ያሳለፉ፣ ጦርነትን የማይሸሹ፣ አንዳንድ ጊዜም ለውጊያ የሚቸኩሉ መኮንን ነበሩ።

በ1916 ዓ.ም. ተወለዱ፤ ቤተሰባቸው የሐማሴን ጸዓዘጋ ተወላጅ ነበር። በካርቱም ተምረው በጣሊያን ወረራ ማብቂያ ዘመን ወደ ሠራዊቱ ገቡ። ስማቸው በአገሩ ሁሉ የገነነው በ1956 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ውጊያ የሐረሩን ሦስተኛ ክፍለ ጦር ሲመሩ ነው። ጠላትን እስከ ግዛቱ ዘልቀው ለማሳደድ ፈልገው ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን አልፈቀዱም። ጥቂት ቆይቶም ከአዛዥነት ተነሥተው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ተደረጉ። ለአንድ የጦር ሜዳ ሰው ይህ ሹመት ሳይሆን የክብር ግዞት ነበር ማለት ይቻላል።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ ወጣቶቹ መኮንኖች ወታደሩ የሚወደው ሰው አስፈለጋቸው። አማን የደርግ አባል ሳይሆኑ ኤታ ማዦር ሹም፣ ከዚያም የመከላከያ ሚኒስትር፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ሲወርዱም የጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ ሊቀ መንበር ሆኑ።

ከመንበሩ የቆዩት ግን ከሦስት ወር ላነሰ ጊዜ ነው። አስቀድሞ በነሐሴ ወር ወደ ኤርትራ ሄደው ከሕዝቡ ጋር ተነጋግረው ነበርና ችግሩ በአገር አንድነት ውስጥ በሰላም ሊፈታ እንደሚችል አምነዋል። በሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የሚመራው ወገን በበኩሉ 5000 ያህል ተጨማሪ ጦር ወደዚያ እንዲዘምት ጠየቀ። አማን አልተስማሙም። የታሠሩት የቀድሞ ባለሥልጣኖች ያለ ፍርድ ይገደሉ የሚለውንም ተቃወሙ። ደርጉ ከመቶ በላይ አባላት ነበሩት፤ ድምፅ ቢቆጠር እንደሚሸነፉ ያውቁ ነበር። ለሥልጣን ሽኩቻ ነው የሚሉ አሉ፤ ያም አልጠፋበትም። ይሁን እንጂ ሥልጣኑን ብቻ የፈለገ ሰው ዘመቻውን አጽድቆ መንበሩን ማቆየት ይቀለው ነበር። መሐንዲስ ያላመነበትን ንድፍ አልፈርምም ቢል የሚያጣው ሥራውን ነው፤ እሳቸው የሚያጡትን ሳያውቁት አልቀሩም።

ሥራቸውን ትተው ከቤታቸው ዋሉ፤ ከሠራዊቱም ድጋፍ ፈለጉ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. የአዲስ አበባ መኖሪያቸው በወታደሮች ተከበበ። እጃቸውን አልሰጡም፤ ተኩስ ተከፍቶ ሲዋጉ ተገደሉ። ዕድሜያቸው 50 ነበር። በዚያችው ሌሊት 60 ያህል እስረኞች ያለ ፍርድ ተረሸኑ።

ተተኪያቸው ጄኔራል ተፈሪ በንቲም በጥር 1969 ዓ.ም. በደርጉ እጅ ተገደሉ። ያን ግድያ የፈጸሙ ባለሥልጣኖች በፍርድ ቤት ጥፋተኛ የተባሉት በ1999 ዓ.ም. ነው፤ መንግሥቱ በሌሉበት። በኤርትራ የተጀመረው ዘመቻ ደግሞ እስከ 1983 ዓ.ም. ዘለቀ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ ወዲህ ጦርነቱ ከአሥመራ እጅግ የራቁ አውራጃዎችን፣ ከምባታና ሐዲያን ጭምር ደረሰ፤ ሊቀ መንበሩ እንኳ ያልቻሉትን እምቢታ የገበሬ ልጅ የሚገልጠው ከአፈሳው ሸሽቶ ጫካ በማደር ብቻ ነበር።