ብፁዕ ኒኮላስ ስቴኖ፦ የልብን ሥራ የመረመረ ጳጳስ

የሰው ልብ በቀን መቶ ሺህ ጊዜ ያህል እየመታ ደምን ወደ መላ ሰውነት ይገፋል። ምግብም ሆነ ከሳንባ የሚገኘው ኦክስጅን ለየአካል ክፍሉ የሚዳረሰው በዚሁ ደም አማካይነት ነው። ዛሬ ልጆች በትምህርት ቤት የሚማሩት ይህ ነገር በ17ኛው መቶ ዓመት ሊቃውንትን እጅግ ያከራክር ነበር። ልብ ጡንቻ መሆኑን በግልጽ ካስረዱት አንዱ፣ ኋላ የቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ለመሆን የበቃው ብፁዕ ኒኮላስ ስቴኖ ነው።

ስቴኖ እ.ኤ.አ. በ1638 በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን ከሉተራን ቤተ ሰብ ተወለደ። አባቱ ወርቅ አንጥረኛ ነበር። በ1656 በተወለደበት ከተማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ጀመረ፤ ከዚያም ዕውቀቱን ለማስፋት ወደ ሆላንድ ተሻገረ።

በ1660 በአምስተርዳም የበግ ጭንቅላት ሲመረምር ከጆሮ ሥር ካለው ዕጢ የሚነሣ ቀጭን ቦይ አገኘ። መመርመሪያውን ዘንግ ወደ ውስጥ ቢያስገባው ጉንጭን አልፎ ጥርስ ሲነካ ሰማ። ምራቅ ወደ አፍ የሚፈስበት መንገድ ይኸው ነበር። በቤቱ ያስጠጋው መምህሩ ብላስዩስ ግን ግኝቱ የእኔ ነው በማለት ወጣቱን ከሰሰው። ስቴኖም ምርመራውን በማስፋት መለሰለት፤ በ1662 ስለ ዕጢዎች ባሳተመው መጽሐፍ ሥራውን በዝርዝር አስረዳ። እንባም ብዙዎች እንደሚያስቡት ከአንጎል ሳይሆን በዐይን አጠገብ ካሉ ዕጢዎች እንደሚመነጭ አሳየ። ያ የምራቅ ቦይ እስከ ዛሬ በስቴኖ ስም ይጠራል።

ከዚህ የሚበልጠው ሥራው ግን በልብ ላይ ያደረገው ምርመራ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ሃርቬይ ደም በሰውነት ውስጥ እንደሚዘዋወር በ1628 አስታውቆ ነበር። ሆኖም ልብ የነፍስ ማደሪያ ወይም የሕይወት ሙቀት ምንጭ ነው የሚለው አሮጌ አስተሳሰብ ገና አልጠፋም ነበር። የታወቀው ፈላስፋ ዴካርትም ደም በልብ ሙቀት እየተስፋፋ ይወጣል ብሎ አስተምሯል። ስቴኖ ልብን ከፍቶ ሲመለከት ያገኘው ግን በሌሎች ጡንቻዎች ያሉትን ክሮች፣ ደም ሥሮችና ነርቮች ብቻ ነበር። ስለዚህ ልብ የሚሠራው እንደማንኛውም ጡንቻ በመኮማተር ነው ሲል ደመደመ።

ይህ ግኝት ለራሱ ነፍስ ትልቅ ትርጉም ነበረው። በላይደን ሲማር በዘመኑ ፍልስፍና እምነቱ ተናውጦ ነበር። ነገር ግን ማንም ሰው በእጁ ዳስሶ ሊያረጋግጠው በሚችለው በልብ ጉዳይ የተሳሳቱ ፈላስፎች፣ ስለማይታየው አምላክና ስለ ነፍስ እንዴት እርግጠኞች ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ አሰበ።

በ1666 በኢጣልያ ሊቮርኖ ከተማ የቅዱስ ሥጋሁ ወክቡር ደሙ በዓል ዑደት ሲያልፍ ተመለከተ። ያ ኅብስት ተራ ኅብስት ከሆነ ይህ ሁሉ ሕዝብ ተታልሏል፤ የጌታ ሥጋ ከሆነ ደግሞ እኔ ለምን አልሰግድም የሚል ጥያቄ ልቡን ያዘው። ከብዙ ጸሎትና ጥናት በኋላ በ1667 በፍሎረንስ ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገባ። በ1669 ስለ ምድር ንብርብሮች ያሳተመው ጽሑፍ ደግሞ ለሥነ ምድር ጥናት መሠረት ሆነ።

በ1675 ክህነት፣ በ1677 ደግሞ ጵጵስና ተቀብሎ ለሰሜን አውሮፓ ሐዋርያዊ እንደራሴ ሆነ። ሳይንሳዊ ምርምሩንም ከሞላ ጎደል ተወ። ፈላስፋው ላይብኒትዝ ታላቅ ሳይንቲስት ጠፋብን ብሎ አዝኗል። ስቴኖ ግን በድህነት መኖርን መረጠ፤ ያለውንም ለነዳያን ሰጠ። በ1683 በሙንስተር የጳጳስ ምርጫ በገንዘብ መበላሸቱን ተቃውሞ ሹመቱን ትቶ ሄደ።

በመጨረሻም በሽቬሪን ጥቂት ምእመናንን እንደ ተራ ካህን ሲያገለግል በ1686 በ48 ዓመቱ ዐረፈ። ዐፅሙ በፍሎረንስ በቅዱስ ሎሬንሶ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በጥቅምት 1988 ብፅዕናውን ዐወጁ።

ውድ አንባቢያን፣ ልብ የተቀበለውን ደም ለራሱ አያስቀርም፤ ለመላው አካል ያድላል እንጂ። ስቴኖም ከእግዚአብሔር የተቀበለውን ዕውቀት፣ ሀብትና ሕይወት እንዲሁ አከፋፈለ። እኛስ ከተቀበልነው ምን ያህሉን አሳልፈን እንሰጣለን? የብፁዕ ኒኮላስ አማላጅነት ከሁላችን ጋር ይሁን።