የአባ ማስያስ ጥሪ

አንባቢ ሆይ፤ ምናልባት አንተ ገና የዐሥራ ስድስት ወይም የዐሥራ ሰባት ዓመት ወጣት ሆነህ፣ የካቶሊክ ካህን ልሁን ወይስ ይቅርብኝ እያልህ ከልብህ ጋር የምትሟገት ትሆናለህ። ሐሳቡ እንቅልፍ የሚነሣ ነው፤ ለእናት ለመንገር ያስፈራል፤ ለባልንጀራ ቢነግሩትም ያሥቃል። እንግዲህ በቦንጋና በመላው የከፋ አገር የካቶሊክ ሃይማኖት ታሪክ ሲወሳ ስማቸው የማይታለፈውን የአባ ማስያስን ሕይወት ልንገርህ። ዘመኑን የምጽፍልህ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አባ ማስያስ በ1809 ዓ.ም. በሰሜን ኢጣልያ ፒዮቫ በምትባል መንደር ከገበሬ ቤት ተወለዱ፤ የክርስትና ስማቸውም ሎሬንሶ ተባለ። ታላቅ ወንድማቸው ካህን ስለ ነበሩ ትምህርት የጀመሩት ከእርሳቸው ዘንድ ነው፤ በኋላም በአስቲ ከተማ ተማሩ። በአገራቸው የደብር ካህን ሆነው በዘመዶቻቸው መካከል ተከብረው ለመኖር መንገዱ ቀና ነበር። እርሳቸው ግን በ1826 ዓ.ም.፣ በ17 ዓመታቸው፣ ሻካራ ልብስ ለብሰው ወገባቸውን በገመድ ታጥቀው በድህነት ከሚኖሩት ከካፑቺን መነኮሳት ማኅበር ገቡ። ጉሊየልሞ የሚለውንም ስም ያን ጊዜ ተቀበሉ።

ይህን ልብ በል፤ ማኅበሩ ወዲያው ስእለት አያስገባም። አስቀድሞ አንድ ዓመት የፈተና ጊዜ አለ። በዚያ ዓመት ወጣቱ ኑሮውን ይመረምራል፤ ሽማግሌዎቹም ወጣቱን ይመረምሩታል። እርሱ ልሂድ ቢል ይሄዳል፤ እነርሱም አትሆንም ቢሉት ያሰናብቱታል፤ በሁለቱም ነውር የለበትም። እኔ ከታሪኩ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው፤ የወጣት ልብ ዛሬ ነድዶ ነገ ይበርዳልና። አባ ማስያስ ቅስና የተቀበሉት በ1832 ዓ.ም.፣ ከገቡ በስድስተኛው ዓመት ነው።

ከዚያ በኋላ በቶሪኖ ሆስፒታል ሕሙማንን የሚያጽናኑ ካህን ሆኑ፤ የሕክምናንም ነገር በዚያ ተማሩ። ቀጥሎ ዐሥር ዓመት ያህል መምህር ሆነው ተቀመጡ። በ1846 ዓ.ም. የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ለኦሮሞ አገር ጳጳስ አድርገው ሾሟቸው። በዚያው ዓመት ምጽዋ ደረሱ፤ መንገዱ ግን ስለ ተዘጋባቸው ጉድሩ የገቡት በ1852 ዓ.ም. ነው። የፈንጣጣን ክትባት ይሰጡ ስለ ነበር ሕዝቡ በፈንጣጣ ስም ይጠራቸው ጀመር። በሆስፒታል የተማሩት እንዲህ እንዲጠቅም ማን ዐውቆ ነበር?

በ1855 ዓ.ም. አባ ቼዛሬ የሚባሉትን ካፑቺን ወደ ከፋ ላኩ። አባ ቼዛሬ ከማኅበሩ ወንድሞች ርቀው ለዓመታት ተቀመጡ፤ በመጨረሻም ስእለታቸውን ትተው ሚስት አገቡ። አባ ማስያስ በ1859 ዓ.ም. ራሳቸው ከፋ ሲደርሱ የጠበቃቸው ይህ ኀዘን ነው።

አንባቢ ሆይ፤ በእኒህ ሰው ላይ ለመፍረድ አትቸኵል። በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ቄስ ከመቀሰሱ አስቀድሞ ያገባል፤ ካፑቺን ግን ሚስትም ልጅም አይኖረውም። በአገራችን ደግሞ የአባት ስም የሚጠራው በልጅ ነው፤ እናትም የልጅ ልጅ ለማቀፍ ትናፍቃለች። ስለዚህ ራስህን ስትመረምር ቅዳሴውንና ልብሱን መውደድህን ብቻ አትጠይቅ፤ ባልንጀራ በሌለበት፣ ደብዳቤ በማይደርስበት ስፍራ ብትቀር ትጸና እንደ ሆነም ጠይቅ። መልሱንም ለብቻህ አትቍረጥ፤ ለንስሐ አባትህና ጠባይህን ለሚያውቁ ሽማግሌዎች ንገር። ጊዜ ቢወስድብህ አትታወክ፤ ጥሪው እውነተኛ ከሆነ በመቈየት አይጠፋም።

አባ ማስያስም በከፋ ሁለት ዓመት አልሞላቸውም፤ በ1861 ዓ.ም. ከአገሩ ተባረሩ። በ1868 ዓ.ም. በሸዋ በኩል ተመልሰው ወደ ከፋ ሊያልፉ ሲሹ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በዚያው አስቀሯቸው፤ ዐሥራ አንድ ዓመትም በሸዋ ተቀመጡ። በ1879 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከኢትዮጵያ እንዲወጡ አዘዙ። በ1884 ዓ.ም. ካርዲናል ሆኑ፤ በ1889 ዓ.ም. በኢጣልያ ዐረፉ። ከፋን ዳግመኛ አላዩአትም። እርሳቸው ከሞቱ ከ24 ዓመት በኋላ፣ በ1913 ዓ.ም.፣ የከፋ ስብከት ለኮንሶላታ ሚሲዮናውያን ተሰጠ።