አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ፦ ከስግብግብነት ይልቅ ጥንቃቄን ያስተማሩ ሐኪም

በዚህ ዕትም የምናስታውሳቸው ታላቅ ሰው የአንደሉሱ የቀዶ ሕክምና ሊቅ አቡል ቃሲም ኸለፍ ኢብኑ ዐባስ አዝ-ዘህራዊ (ረሒመሁላህ) ናቸው። ስማቸውን ብዙዎቻችን የምናውቀው ከቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች ጋር ነው። እኛ ግን ዛሬ ስለ አጥንት ጥገና፣ በተለይም ስለ ጀርባ አጥንት፣ እንዲሁም ሐኪም ከበሽተኛው ስለሚቀበለው ገንዘብ ያስተማሩትን ልናነሳ ወደናል።

አዝ-ዘህራዊ የተወለዱት በ936 አካባቢ እንደሆነ ይነገራል። መጠሪያቸው የመጣው ኸሊፋው ዐብዱረሕማን ሣልሳዊ በዚያው ዓመት በቁርጡባ (ኮርዶባ) አቅራቢያ ማስገንባት ከጀመሯት ከመዲነቱ-ዝ-ዘህራ ከተማ ነው። አል-አንሷሪ የሚለው ሌላው መጠሪያቸው ደግሞ ዘራቸው ከመዲና አንሷሮች እንደሚመዘዝ ያመለክታል። ስለ ግል ኑሯቸው የተጻፈው ጥቂት ነው። የቁርጡባው ታላቅ ዓሊም ኢብኑ ሐዝም ግን ሥራቸውን በአድናቆት ጠቅሰውታል።

የዕድሜ ልክ ሥራቸው ኪታብ አት-ተስሪፍ ይባላል። 30 ክፍሎች ያሉት ሰፊ የሕክምና ኢንሳይክሎፒዲያ ሲሆን፣ ተጽፎ ያለቀው በ1000 ገደማ ነው። የመጨረሻው 30ኛው ክፍል ስለ ቀዶ ሕክምና ነው። እሱም በሦስት ባቦች ይከፈላል፦ አንደኛው በጋለ ብረት ስለ መተኮስ፣ ሁለተኛው ስለ መቅደድና መብጣት፣ ሦስተኛው ስለ ስብራትና ውልቃት። በውስጡም 200 ያህል መሣሪያዎች በሥዕል ቀርበዋል። ይህን ሁሉ የጻፉት ለተማሪዎቻቸው ሲሆን፣ የሚጠሯቸውም ልጆቼ እያሉ ነበር። በዘመናቸው የቀዶ ሕክምና ዕውቀት መዳከሙ ያሳስባቸው ስለነበር፣ የሰውነትን አሠራር ሳያውቅ ቢላ የሚያነሳ ሰው ነፍስ እንደሚያጠፋ አጥብቀው ያስጠነቅቁ ነበር። ባለማወቅ ደም ሥር ቆርጠው በሽተኛ የገደሉ ሐኪሞችንም በምሳሌነት አንስተዋል።

ወደ ሦስተኛው ባብ እንግባ። የተሰበረ አጥንት ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላ እንዳይነቃነቅ መያዝ አለበት። አዝ-ዘህራዊ በወፍጮ ቤት ግድግዳ ላይ የሚያርፈውን ብናኝ ዱቄት ከእንቁላል ነጭ ጋር ለውሶ መለጠፍን፣ ከዚያም በጨርቅ መጠቅለልንና በስንጥር እንጨት መደገፍን አስተምረዋል። ልጥፉ ሲደርቅ ይጠነክራል። የዛሬው ጀሶ የሚሠራውም በዚሁ ሐሳብ ነው። ይሁን እንጂ ያበጠ አካልን ወዲያውኑ አጥብቆ ማሰር አደገኛ መሆኑን፣ እብጠቱ እስኪቀንስ መታገስ እንደሚያስፈልግ ጽፈዋል። በጠማማው የገጠመን አጥንት እንደገና የሚሰብሩ ወጌሾችንም ነቅፈዋል። ይህ ምክር ለእኛ አገር ሩቅ አይደለም። ዛሬም በጥብቅ የታሰረ እጅ ወይም እግር ደም አልደርስ ብሎት ሞቶ ሆስፒታል የሚደርሱ፣ ተቆርጦም የሚመለሱ ልጆች አሉ።

የጀርባ አጥንት አንጓ ሲወልቅ ደግሞ በሽተኛው በአግዳሚ ላይ በደረቱ እንዲተኛ ያደርጋሉ። በደረቱና በወገቡ በኩል በሚታሰሩ ጨርቆች ረዳቶች ወደ ላይና ወደ ታች ይስባሉ። ሐኪሙም አንጓው ወደ ቦታው እስኪመለስ በመዳፉ ይጫናል። ከዚያ የሚያደርቅ ልጥፍ ተደርጎ፣ ስስ ጣውላ ተደግፎ በጨርቅ ይታሰራል። ይህን ዘዴ በከፊል ከግሪኮች ወርሰውታል፤ የወረሱትን ግን በራሳቸው ልምድ መዝነው አስተላልፈዋል። ከዚህ ጎን ለጎን ሁለት ነገር ሳይደብቁ ተናግረዋል። ከልጅነት ጀምሮ የጎበጠ ጀርባ በእጃቸው ባለው ሕክምና እንደማይድን፣ እንዲሁም እጅና እግሩ የማይታዘዝ፣ ሽንትና ሰገራውን መቆጣጠር ያቃተው ጉዳተኛ ለሞት የቀረበ መሆኑን።

ታዲያ መዳን የማይችለውን በሽተኛ ምን እናድርገው? የአዝ-ዘህራዊ መልስ እዚህ ላይ ነው የሚደንቀው። ቤተሰቡ ጭንቅ ላይ ነው፤ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ይሰጣል። አንዳንድ ሐኪም ይህን አይቶ ተስፋ ይሸጣል። እሳቸው ግን ተማሪዎቻቸውን ከዚህ አስጠንቅቀዋል። የሐኪም ጥንቃቄ ከገንዘብ ፍላጎቱ መብለጥ እንዳለበት፣ ውጤቱ ያልታየን አደገኛ ሕክምና ለጥቅም ሲባል መጀመር እንደማይገባ መክረዋል።

ከእሳቸው በኋላ የአጥንት ሕክምና ብዙ ርቋል። ሆላንዳዊው የጦር ሐኪም አንቶኒየስ ማታይሰን በ1852 በጀሶ የተነከረ ፋሻ አስተዋወቀ። አሜሪካዊው ሉዊስ ሴይር በ1877 ባሳተመው መጽሐፍ የታመመ ጀርባን በጀሶ ጃኬት ስለ መያዝ ጻፈ። ዛሬ በአሜሪካ እያንዳንዱ ሕክምና የክፍያ ኮድ አለው። ከትከሻ እስከ ዳሌ የሚደረግ የሰውነት ጀሶ 29035 ነው፤ ጭንቅላትን ሲጨምር 29040፣ አንድ ጭን ሲጨምር 29044፣ ሁለቱንም ጭኖች ሲጨምር 29046 ይሆናል። ስብራቱን ያከመው ሐኪም ያንኑ ሕክምና በኮዱ ካስከፈለ የመጀመሪያው ጀሶ በዚያው ውስጥ ይታሰባል፤ ለብቻው አይጠየቅበትም። በኋላ ጀሶው ሲቀየር ግን ለብቻው ሊጠየቅ ይችላል።

ይህ ደረቅ የቢሮ ሥራ ይመስላል። ነገር ግን ከፋዩ ጀሶውን አያየውም፤ የሚያየው ቁጥሩን ብቻ ነው። በሽተኛውም ቁጥሩን አይረዳውም። አንድ ጭን ያልነካን ጀሶ ጭን እንደነካ መጻፍ፣ ወይም አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ ማስከፈል ማንም ሳያይ የሚፈጸም ክህደት ነው። አዝ-ዘህራዊ የፈሩት ስግብግብነት መልኩን ቀይሮ በወረቀት ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። በሕክምና፣ በነርስነት፣ በጤና መረጃ፣ በሒሳብ አያያዝ ትምህርት ላይ ያለን ሁሉ ነገ ይህ ብዕር እጃችን ይገባል። አላህ እንደሚያየን የምናምን ሰዎች ነንና አማናው በእኛ ላይ ይከብዳል።

አዝ-ዘህራዊ ያረፉት በ1013 (404 ሂጅሪያ) ገደማ ነው። በዚያው የፊትና ዘመን መዲነቱ-ዝ-ዘህራ ተዘርፋ ፈረሰች። መጽሐፋቸው ግን ተረፈ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የክሬሞናው ጄራርድ የቀዶ ሕክምናውን ክፍል በቶሌዶ ወደ ላቲን መለሰው። አውሮፓውያን አልቡካሲስ እያሉ ለመቶዎች ዓመታት ተማሩበት፤ በ1497 በቬኒስ ታተመ። ከተማዋ ፈርሳ ዕውቀቱ መትረፉ ጠቃሚ ኢልም ከባለቤቱ ሞት በኋላም እንደማይቋረጥ ያሳየናል።

አላህ ይዘንላቸው። እኛንም ኢልምን ከአማና ጋር የምንይዝ ያድርገን። አሚን።