ሽፍታው ወደ ቁርባን ሲቀርብ፦ የሙሴ ጸሊም ሕይወት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በእኛ በአርማጭሆ ቆላ ሽፍታ ማለት በመጽሐፍ ብቻ የሚታወቅ ሰው አይደለም። ጫካ ስለ ገባ ሰው የሚተረክበት ቤት ብዙ ነው። ስለዚህ ሰኔ 24 ቀን ስንክሳር ሲነበብ የሙሴ ጸሊም ታሪክ ጆሯችንን ይይዘዋል። ነገር ግን ወሩ ሰው ሁሉ ለሰሊጥ እርሻ ወደ በረሃ የሚወርድበት ስለ ሆነ ሳይሰማው የሚያልፍ ብዙ ነውና እዚህ ልንጽፈው ወደድን።

ሙሴ በ4ኛው መቶ ዓመት የኖረ ሰው ነው። ጸሊም በግዕዝ ጥቁር ማለት ነው። የጥንት ጸሐፊዎች ኢትዮጵያዊ ይሉታል፤ በዚያን ጊዜ ይህ ስም ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ ይጠቀልል ነበር። በግብፅ የአንድ ሹም ባሪያ ሳለ በስርቆቱና በክፋቱ ብዛት ጌታው ቢያባርረው የወንበዴዎች አለቃ ሆነ። አንድ ሌሊት ለዘረፋ ሲሄድ የአንድ እረኛ ውሾች ጮኸው አሰናከሉት። ቂሙን ሊወጣ ዓባይ በሞላበት ወራት ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ፣ ልብሱን በራሱ ላይ አስሮ ዋኝቶ ተሻገረ። እረኛው በአሸዋ ውስጥ ተደብቆ ቢያመልጠው 4 አውራ በጎች አርዶ በገመድ እየጎተተ በዚያው ውኃ ተመለሰ፤ ሥጋውን በልቶ ቆዳውን በወይን ጠጅ ለወጠ። በክረምት ጓንግና አንገረብ ሲሞሉ ያየ ሰው ይህ ምን ዓይነት ጉልበት እንደ ሆነ ይገባዋል።

ስንክሳር እንደሚለው አስቀድሞ ፀሐይን ያመልክ ነበር፤ ልቡ ግን አላረፈም። የአስቄጥስ መነኮሳት እግዚአብሔርን እንደሚያውቁት ሰምቶ ተነሥቶ ሄደ፤ ሰይፉን ግን አልፈታም። አባ ኤስድሮስ ባየው ጊዜ ደነገጠ። ይህን ልብ በሉ! ወደ ገዳም የሚመጣ ሰው ሰይፉን መፍታት እንዳለበት እንኳ ገና አላወቀም፤ እንዲሁ እንዳለ መጣ፤ እነርሱም አላባረሩትም። ኤስድሮስ ወደ አባ መቃርስ አደረሰው፤ እርሱም አስተምሮ አጠመቀው፤ ኋላም መነኮሰ።

ከባዱ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የቀድሞው ፍትወት በሕልም እየመጣ ያስጨንቀው ጀመር፤ ወደ ዱሮ ሕይወቱ ሊመለስ ጥቂት ቀረው። ጾሙን አበዛ፤ 6 ዓመት ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ እየጸለየ አደረ። ሕልሙ አልተወውም። ደግሞ በሌሊት እየወጣ የሽማግሌ መነኮሳትን እንስራ በድብቅ እየወሰደ ከሩቅ ውኃ ይቀዳላቸው ጀመር። አንድ ሌሊት በጉድጓዱ አፍ ጎንበስ እንዳለ ሰይጣን ወገቡን በዱላ መታው። እንደ ሞተ ሰው ወድቆ ተገኘ፤ አንድ ዓመትም ታመመ።

እኛ እንደሚመስለን ዓባይን የዋኘው ጉልበት ወደ ጾሙና ወደ ስግደቱ ተዛውሮ ነበር። በጉልበቱ ዘርፎ ኖረ፤ በጉልበቱም ሊጸድቅ ፈለገ። ኤስድሮስ ይህን ዐወቀበት። ከአጋንንት ጋር የሚያደርገውን ፉክክር እንዲያቆም ቢመክረው ሙሴ ሕልሙ እስኪተወው ድረስ እንደማያርፍ መለሰ። ያን ጊዜ ኤስድሮስ ሕልሙ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም እንደሚቀር ነግሮት በድፍረት ወደ ቅዱስ ቁርባን እንዲቀርብ አዘዘው። ፈተናው የቆየበትም በራሱ ብርታት እንዳሸነፈ ቆጥሮ እንዳይመካ መሆኑን አስረዳው። ከ2 ወር በኋላ ቢጠይቀው ሕልሙ ፈጽሞ እንደ ተወው መሰከረ።

በቋንቋችን ድፍረት ሁለት መልክ አለው፤ የሚዳፈርም አለ፣ አምኖ የሚቀርብም አለ። የዕብራውያን መልእክት በምዕራፍ 4 ወደ ጸጋው ዙፋን በእምነት እንድንቀርብ ሲያዝዘን ምክንያት አድርጎ የሚሰጠው የእኛን ብቃት ሳይሆን እንደ እኛ የተፈተነውንና የሚራራልንን ሊቀ ካህናት ነው። በየአጥቢያው ሥጋ ወደሙ በሚወጣበት ጊዜ ሕፃናት በእናቶቻቸው እቅፍ፣ አረጋውያን በምርኩዛቸው ይቀርባሉ፤ ወጣቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በቅጽሩ ዛፍ ሥር ይቀራል። ብትጠይቁት ገና እንዳልበቃ ይነግራችኋል። ነገሩ ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን ሙሴም በእነዚያ 6 ዓመታት የሚጠብቀው ያንኑ ቀን ነበር፤ ቀኑም በራሱ አልመጣም። ሲቀርብም ብቻውን ተዳፍሮ አልቀረበም፤ የልቡን ሁሉ ለአባቱ ገልጦ፣ በካህኑ ቃል ቀረበ። የንስሐ አባት ማለትስ ለዚሁ አይደለምን?

ኋላ ለቅስና በቃ። 4 ወንበዴዎች ሊዘርፉት ወደ በዓቱ ቢገቡ አንድ ላይ አስሮ እንደ ጭድ ጆንያ በጀርባው ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያን አደረሳቸውና ምን ላድርጋቸው ሲል ወንድሞችን ጠየቀ። እነርሱም ማን እንደ ሆነ ባወቁ ጊዜ መነኮሱ። አንድ ወንድም በድሎ ጉባኤ ሲጠራበት ደግሞ ሙሴ የሚያፈስ ዕቃ ውኃ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ፤ የገዛ ኃጢአቱ ከኋላው እየፈሰሰ እርሱ የማያየው ሳለ በሌላው ላይ ሊፈርድ መጠራቱን በዚህ አሳያቸው፤ ወንድምየውንም ማሩት።

በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በርበሮች ገዳሙን በወረሩ ጊዜ በሰይፍ የኖረ ሰው በሰይፍ መሞቱ እንደሚገባ ቆጥሮ አልሸሸም፤ ከእርሱ ጋር ከቀሩት ወንድሞች ጋር በሰይፍ ዐረፈ። 75 ዓመቱ ነበረ። 70 ደቀ መዛሙርት ትቶ ሄደ፤ ዐፅሙም በግብፅ በዋዲ ናጥሩን በበረሙስ ገዳም ከአባቱ ከኤስድሮስ ዐፅም ጋር ይገኛል።