ሊሊያን ጊልብሬዝ

ሊሊያን ሞለር ጊልብሬዝ (ሜይ 24 ቀን 1878 – ጃንዩዋሪ 2 ቀን 1972 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ የኢንዱስትሪ መሐንዲስ እና የ12 ልጆች እናት ነበረች። የፋብሪካ ሠራተኞችን እንቅስቃሴ ለማጥናት የተፈጠረውን ዘዴ ወደ ኩሽና አስገብታለች። ምድጃ፣ ማጠቢያና ማቀዝቀዣ የት ቦታና በምን ያህል ከፍታ መቀመጥ እንዳለባቸው በጥናት እንዲወሰን ካደረጉት ቀዳሚ ሰዎች አንዷ ናት። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ሊሊያን በኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ከአንድ ባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደች። በጣም ዓይን አፋር ስለነበረች የመጀመሪያ ትምህርቷን በቤቷ ተማረች። አባቷ የሀብታም ልጅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልጋትም የሚል አቋም ነበረው፤ እሷ ግን አግባብታው በርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገባች። በ1900 በሥነ ጽሑፍ ስትመረቅ በዩኒቨርሲቲው የምረቃ በዓል ላይ ንግግር ያደረገች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ1902 ሁለተኛ ዲግሪዋን አገኘች።

ለዶክትሬት የጻፈችው ጥናት በርክሌይ ተቀባይነት ቢያገኝም፣ በግቢው ተቀምጣ መማር የሚገባትን ጊዜ አላሟላችም ተብሎ ዲግሪው ተከለከለች። ጥናቱ በ1914 ስለ አስተዳደር ሥነ ልቦና የሚናገር መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። በሽፋኑ ላይ ግን ደራሲዋ ሴት መሆኗ እንዳይታወቅ ስሟ በፊደላት ብቻ ተጻፈ። በ1915 ሌላ ጥናት አቅርባ ከብራውን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበለች።

ከፍራንክ ጊልብሬዝ ጋር

በ1904 የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ የነበረውን ፍራንክ ጊልብሬዝን አገባች። ፍራንክ ሥራ የጀመረው በግንበኝነት ነው። ግንበኞች ለእያንዳንዱ ጡብ እስከ መሬት ድረስ ጎንበስ ቀና ሲሉ አይቶ፣ ግንቡ ከፍ ባለ ቁጥር አብሮ ከፍ የሚልና ጡቡን በወገብ ልክ የሚያቀርብ መቆሚያ ሠራ። በዚህና በሌሎች ማሻሻያዎች አንድ ጡብ ለማስቀመጥ ይደረጉ የነበሩት 18 እንቅስቃሴዎች ወደ 5 ገደማ ወረዱ።

ባልና ሚስቱ በጋራ ባቋቋሙት የአማካሪነት ሥራ ሠራተኞችን በፊልም እየቀረጹ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ለያይተው ያጠኑ ነበር። የእንቅስቃሴ መሠረታዊ ክፍሎችን የቤተሰቡን ስም ወደ ኋላ በማንበብ «ቴርብሊግ» ብለው ሰየሟቸው። ፍራንክ ትኩረቱ በፍጥነትና በመሣሪያ ላይ ሲሆን ሊሊያን ደግሞ የሠራተኛውን ድካም፣ ስሜትና ፍላጎት ታጠና ነበር።

ከባሏ ሞት በኋላ

ፍራንክ በጁን 14 ቀን 1924 በልብ ድካም በድንገት ሞተ። ከተወለዱት 12 ልጆች አንዷ ቀደም ብላ በሕመም ስለሞተች ሊሊያን ከ11 ልጆች ጋር ቀረች፤ የመጨረሻዋ ልጅ 2 ዓመቷ ነበር። ባሏ ሊካፈልባቸው ወደነበሩት የአውሮፓ ስብሰባዎች በቀናት ውስጥ ተጉዛ በእሱ ቦታ ተገኘች። ስትመለስ ግን ደንበኞች የነበሩት ብዙዎቹ ድርጅቶች መሐንዲሷ ሴት በመሆኗ ውላቸውን አላደሱም።

ልጆቿን ለማሳደግና ለማስተማር የገቢ ምንጭ ያስፈልጋት ስለነበር ሴትነቷ እንቅፋት ወደማይሆንበት መስክ ዞረች። በሞንትክሌር፣ ኒው ጀርሲ በሚገኘው ቤቷ የእንቅስቃሴ ጥናት ማስተማር ጀመረች፤ ለማሲስ የገበያ አዳራሽም አማካሪ ሆነች። በ1927 የቤት እመቤትንና ሥራዋን የሚመለከት መጽሐፍ አሳተመች።

የኩሽና ጥናት

የብሩክሊን ጋዝ ኩባንያ የጋዝ ምድጃን ለማስተዋወቅ የእሷን እርዳታ ጠየቀ፤ በ1929ም «ኪችን ፕራክቲካል» የተባለው ሞዴል ኩሽና ለሕዝብ ታየ። በዚህ አሠራር ምድጃውና የመሥሪያ ጠረጴዛው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የምግብ ዕቃ ከጠረጴዛው በላይ፣ ድስትና መጥበሻ ከታች ይሆናል፤ ማቀዝቀዣውም ከአንድ እርምጃ አይርቅም። ቦታ ሲጠብ ደግሞ ጎማ ያለው ተንቀሳቃሽ ጠረጴዛ ተጨማሪ መሥሪያ ይሆናል።

ውጤቱን ለማሳየት አንድ ዓይነት የእንጆሪ ኬክ በተለመደው ኩሽናና በአዲሱ አሰላለፍ ተሠርቶ ተነጻጸረ። የሥራው ቅደም ተከተል ከ97 ወደ 64፣ እርምጃው ደግሞ ከ281 ወደ 45 ዝቅ አለ። ዕቃዎቹ ቦታ ከመለወጣቸው በቀር ሠሪዋ እንድትሮጥ አልተጠየቀችም።

ስለ ከፍታም ቢሆን ለሁሉም የሚሆን አንድ ልክ የለም የሚል እምነት ነበራት። የመሥሪያው ከፍታ በምትሠራበት ሴት ቁመት መወሰን አለበት ትል ነበር። ይህም ፍራንክ ለግንበኞች ከሠራው መቆሚያ ጋር ሐሳቡ አንድ ነው፤ ሰው ወደ ዕቃው ከሚያጎነብስ ዕቃው ወደ ሰው ይቅረብ የሚል ነው።

ሊሊያን ራሷ ምግብ የማብሰል ልምድ አልነበራትም፤ በቤቷ ይህን ሥራ የሚሠሩት ሌሎች ነበሩ። ስለዚህ እቅዷ የተመሠረተው በራሷ ልማድ ላይ ሳይሆን ሌሎች ሴቶችን በመጠየቅ፣ በመመልከትና በመለካት ላይ ነበር።

የልብ ሕሙማንና የአካል ጉዳተኞች ኩሽና

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባልና ሚስቱ አካላቸው የጎደለ ወታደሮች ወደ ሥራ የሚመለሱበትን መንገድ አጥንተው ነበር። ሊሊያን ይህንን እውቀት በ1940ዎቹ ወደ ቤት አመጣችው። የልብ ሕሙማን የሆኑና አካል ጉዳት ያለባቸው ሴቶች ሳይደክሙ ቤታቸውን እንዲያስተዳድሩ፣ ተቀምጦ የሚሠራበት፣ መጎንበስና መንጠራራት የማያስፈልገው ኩሽና እንዲታቀድ ሠራች። ለእነዚህ ሴቶች የምድጃ ከፍታ የምቾት ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ቤታቸውን ራሳቸው ለማስተዳደር መቻላቸውን የሚወስን ነበር።

የኋለኛው ዘመንና ሽልማቶች

ከ1935 እስከ 1948 በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆና አስተማረች። በፕሬዚዳንት ሁቨር ዘመን ሥራ አጥነትን ለመቋቋም በተቋቋመው ኮሚቴም አገልግላለች። በ1965 የአሜሪካ ብሔራዊ የምህንድስና አካዳሚ አባል እንድትሆን የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሴት ስትሆን፣ በ1966 የሁቨር ሜዳልያን ተቀበለች። ሁለት ልጆቿ ስለ ቤተሰቡ የጻፉት መጽሐፍ በ1948 ታትሞ በ1950 ፊልም ሆኗል። በ93 ዓመቷ በፊኒክስ፣ አሪዞና አረፈች። በ1984 ምስሏ በአሜሪካ ቴምብር ላይ ወጣ።

በዛሬው ኩሽና

ማጠቢያን፣ ምድጃንና ማቀዝቀዣን የሚያገናኘው «የሥራ ሦስት ማዕዘን» በ1940ዎቹ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ መልክ ቢይዝም መነሻው የጊልብሬዝ ጥናት ነው። በዚህ መመሪያ መሠረት እያንዳንዱ ጎን ከ1.2 እስከ 2.7 ሜትር ሊሆን ይገባል።

ኦቭን ከማብሰያው ተለይቶ በግድግዳ ወይም በቁምሳጥን ውስጥ ሲገጠም ከሦስት ማዕዘኑ ውጪ ሊቀመጥ ይችላል፤ ምግቡ ከገባ በኋላ በየደቂቃው አይከፈትምና። በአጠገቡ ግን ትኩስ ዕቃ የሚያርፍበት ቢያንስ 38 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦታ እንዲኖር በአሜሪካ የኩሽና እቅድ መመሪያዎች ይመከራል። ማይክሮዌቭም የታችኛው ጠርዙ ከዋናዋ ተጠቃሚ ትከሻ በታች እንዲሆን፣ ከወለሉም ከ137 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይመከራል፤ ከዚያ በላይ ሲሰቀል ትኩስ ሾርባ ወይም ውሃ ሲወጣ ፊትና ደረት ላይ ሊፈስ ይችላል። ማይክሮዌቭ በየቤቱ የገባው በሊሊያን የመጨረሻ ዓመታትና ከዚያ በኋላ ቢሆንም፣ ቦታው የሚወሰነው እሷ እንዳስተማረችው ባዶ የተገኘውን ግድግዳ በማየት ሳይሆን የተጠቃሚውን ቁመት በመለካት ነው።